የአውሳ ጥጥና የሱልጣን አሊሚራህ ዜና

ይህ የአውሳው ሱልጣን የቢትወደድ አሊሚራህ ሐንፈሬና የአዋሽ እርሻ ዜና ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ይነሣል። ቆቃን አልፎ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ዘንድ ገደል ገብቶ፣ በአሚባራና በገዋኔ ሜዳ ይወርዳል፤ ዛሬ ሰመራ ከቆመችበት ደረቅ ምድር በታች ዱብቲንና አሳይታን አጠጥቶ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አያይም። ከደጋ የጠረገውን አፈር የሚያራግፈው አውሳ ላይ ነውና አውሳ በበረሃ መካከል ለመለመች፤ ለምለም ስለሆነችም ብዙ ዓይን አረፈባት።

በ1868 ዓ.ም በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በኅዳር ወር፣ የግብፁ ኬዲቭ የላከው ስዊሳዊ ሙንዚንገር ፓሻ ጦሩን አስከትሎ ከታጁራ ወደ አውሳ ገሠገሠ። የሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሰዎች በሌሊት ወረዱበት፤ እርሱም በዚያው ቀረ።

ዳግመኛም በ1936 ዓ.ም፣ ዘመኑ አሁንም ዮሐንስ ሲሆን፣ ጦር ወደ አውሳ ወረደ። ይህ ግን የአዲስ አበባ ጦር ነበር። ሱልጣን መሐመድ ያዮ ተያዙ፤ በስፍራቸውም አሊሚራህ ሐንፈሬ ተሾሙ።

በ1952 ዓ.ም ቆቃ ተገደበ። በ1954 ዓ.ም በዘመነ ማርቆስ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ በተንዳሆ ጥጥ ዘራ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ባለቤት የሌለው መሬት የመንግሥት ነው ይል ነበር። አርብቶ አደር ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ከብቱን ይዞ ከወንዙ ይርቃል፣ በበጋ ይመለሳል። ርቆ ሳለ የመጣ መሐንዲስ የሚያየው ሰው የሌለበት ሜዳ ነው፤ በካርታውም ላይ ባዶ ብሎ ይጽፈዋል። ያ ባዶ የተባለው የአፋር የበጋ ሕይወት ነበር።

ሱልጣን አሊሚራህ ይህን አስተዋሉ። ያልታረሰ መሬት የሚወሰድ ከሆነ፣ ማረስ ነዋ! አውሳዎች ድሮም በአዋሽ ሙላት እህል ያበቅሉ ነበርና ለመሬቱ እንግዳ አልነበሩም፤ አሁን ግን ትራክተር ገባ፣ ቦይ ተቀደደ፣ የአሳይታ ሜዳ በጥጥ ነጣ። ለለቀማው የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወረደ፤ ከተማው በሻይ ቤትና በሱቅ ሞላ። ሰው እኒህን ሱልጣን የሚያነሣቸው ግመሎቻችን እንኳ የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ በማለታቸው ነው። መልካም ንግግር ነው፤ እኔ ግን ከንግግሩ ይልቅ ጥጡን እመርጣለሁ። ኩባንያውን በጦር ሳይሆን በማረሻ የቀደሙት እሳቸው ናቸውና።

ስለ ሱልጣን የሚጽፍ ሰው ምስጋና ማብዛት ልማዱ ነው፤ ይህም መጻፍ አለበት፦ ከጥጡ ገንዘብ ይበልጡን የወሰዱት ሱልጣኑና ቅርብ ሰዎቻቸው ነበሩ። ከብት ብቻ የነበረው አፋር ግን ከላይ እስከ ታች የወንዙ ዳር በእርሻ ታጠረበት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ድርቁ ሲበረታ መንጋውን ወደ ለመደው የበጋ ሣር ነዳ፤ ያገኘው ማሳ ነበር። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም ተከተለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ብሎ አወጀ። ሱልጣኑ አልተቀበሉም። በግንቦት ጦር ወደ አሳይታ ዘመተ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሱልጣኑም በጅቡቲ በኩል ወጥተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። ልጆቻቸውና ተከታዮቻቸው የአፋር ነጻነት ግንባርን አቁመው ተዋጉ። ተንዳሆም የአውሳ ማሳም የመንግሥት እርሻ ሆነ።

ዘመኑ ሉቃስ ነበር። በ1983 ዓ.ም ደርግ ወድቆ ሱልጣኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ዘመኑ ሉቃስ ነበር። የእስላሙን ሱልጣን ዕድሜ በወንጌላውያን መቁጠሬን አንባቢ ይታገሠኝ፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሌላ መቁጠሪያ አልተማረም። በ2003 ዓ.ም በሚያዝያ፣ አሁንም በሉቃስ፣ በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ ልጃቸው ሐንፈሬ አሊሚራህም ሱልጣንነቱን ወረሱ። በዚያን ወራት አዋሽ በተንዳሆ ዳግመኛ ተገድቦ፣ የዱብቲ የጥጥ ማሳ ለስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ አገዳ ይለቀቅ ነበር።