ማንም ያላየው ክር

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እንጦጦን ያቋርጣል። እዚያ ተራራ ላይ፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሳይንስ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ አጥርቶ ማየትን። ከከተማዋ ማዶ፣ በጅማ መንገድ፣ ሰበታ አለች። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ በመላ አገሪቱ ይታወቃል። የዘመናዊ ፊዚክስ ትልቁ ሕልም ግን ከእንጦጦው ቴሌስኮፕ ይልቅ ለሰበታ ልጆች የቀረበ ነው።

ሕልሙ ስትሪንግ ቲዎሪ ይባላል። የቁስ ሁሉ መሠረት እንደ ክራር ክር የሚርገበገብ እጅግ ረቂቅ ክር ነው ይላል። ክሩን ያየው የለም። የተደረሰበት በሒሳብ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ጣሊያናዊው ጋብሪኤሌ ቬኔዚያኖ በአቶም እምብርት ዓለም ያሉ ቅንጣቶች ሲጋጩ የሚሆነውን የሚገልጽ ቀመር ሲፈልግ፣ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናውን አንድ ቀመር አገኘ። ቀመሩ ሠራ፤ ለምን እንደሠራ ግን አልታወቀም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ናምቡ፣ ኒልሰንና ሰስኪንድ በየፊናቸው መልሱን አገኙት፦ ቀመሩ የሚናገረው ስለሚርገበገብ ክር ነው።

ከሒሳቡ ውስጥ ግን ያልተጠራ እንግዳ ወጣ፤ ክብደት አልባ የሆነ፣ ማንም ያልፈለገው ቅንጣት። በ1974 ሼርክና ሽዋርዝ፣ በጃፓንም ዮኔያ፣ እንግዳው የስበት ኃይል ተሸካሚ ነው አሉ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ክሩ ከኳንተም ሕግ ጋር ሳይጋጭ እንዲርገበገብ ከተፈለገ፣ ያለበት ሕዋ የአንስታይንን የስበት እኩልታዎች ማሟላት አለበት። እኩልታዎቹን ማንም አልጨመራቸውም፤ ከሒሳቡ ወጡ። ስበቱ ሲደክምና ፍጥነቱ ሲያንስ ከአንስታይን የኒውተን ሕግ ይገኛል። ከቡራዩ አጠገብ ካለው ከገፈርሳ ውሃን ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የሚስበው ያው ሕግ ነው።

ይህ ቲዎሪውን እውነት አያደርገውም። የቆየውን ሕግ መልሶ መስጠት የማንኛውም አዲስ ሐሳብ ግዴታ ነው። ስትሪንግ ቲዎሪ ጊዜን ጨምሮ አሥር ዳይሜንሽን ይፈልጋል፤ እስከ ዛሬም በሙከራ አልተረጋገጠም።

በ1984 ግሪንና ሽዋርዝ በቲዎሪው ውስጥ የነበረ ከባድ ተቃርኖ ተቀናንሶ ዜሮ እንደሚሆን አሳዩ። በዚህ ስሌት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በሩሲያዊው ሌቭ ፖንትሪያጊን ስም ይጠራል። ፖንትሪያጊን በ14 ዓመቱ ምድጃ ፈንድቶበት ዓይኑን ያጣ ሰው ነው። መጻሕፍቱን ያነበበችለት እናቱ ናት። የምልክቶቹን ስም ስለማታውቅ «ጅራቱ ወደ ላይ»፣ «ጅራቱ ወደ ታች» እያለች ትነግረው ነበር።

ኦይለርም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማየት ተስኖት እንኳ ለረዳቶቹ በቃል እየነገረ ብዙ ጽፏል።

በኢትዮጵያ ዓይነ ስውር ተማሪ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርስ «ሒሳብ ይቅርብህ» መባሉ የተለመደ ነው። በርኅራኄ የተደረገ ይመስላል፤ ልጁ ግን ሊገባበት የሚችለው በር ይዘጋበታል። የፖንትሪያጊን እናት ሒሳብ አልተማረችም። ልጇን ግን «ይቅርብህ» አላለችውም።