የፈጠራ መብት ሰነድና የሚሠራ መሣሪያ፦ ከ19ኛው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ሦስት ታሪኮች

መግቢያ

በትምህርት ቤቶቻችን የፈጠራ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በሦስት ነገሮች ተጠቃሎ ነው፤ የፈጣሪው ስም፣ አገሩና የፈጠረበት ዓመት። ተማሪው የናፍጣ ሞተርን ዲዝል፣ አይሮፕላንን የራይት ወንድማማቾች እንደ ፈጠሩ ይጽፋል፤ ዓመቱን ያስታውሳል፤ ማርኩንም ያገኛል። ይሁን እንጂ ከዚህ አቀራረብ ተማሪው ሳይነገረው የሚወስደው ሌላ ትምህርት አለ። ይኸውም ፈጠራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተሟልቶ የሚወለድ ነገር ነው የሚል እምነት ነው። ይህን እምነት የያዘ ልጅ በእጅ ሥራ ክፍል የሠራው ነገር በመጀመሪያው ሙከራ አልሠራ ሲለው፣ ጉድለቱን ከመመርመር ይልቅ ለዚህ አልተፈጠርሁም ብሎ ቢተወው አያስደንቅም።

ይህ ጽሑፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የተሰጡ ሦስት የመካኒካል ፈጠራ መብቶችን ታሪክ ይመረምራል። በሦስቱም ለማሳየት የሚሞከረው አንድ ነገር ነው። በፈጠራ መብት ሰነድና በሚሠራ መሣሪያ መካከል ሰፊ ርቀት አለ፤ የፈጠራ ታሪክ ዋና ክፍል የሚገኘውም በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፈጠራ መብት ምንነት

የፈጠራ መብት፣ በተለምዶ ፓተንት የሚባለው፣ በኅብረተሰቡና በፈጣሪው መካከል የሚደረግ ውል ነው ለማለት ይቻላል። መንግሥት ለፈጣሪው፣ ለተወሰኑ ዓመታት ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ፈጠራውን እንዳይሠራ፣ እንዳይሸጥና እንዳይጠቀምበት የመከልከል መብት ይሰጠዋል። ፈጣሪው በበኩሉ የሥራውን ምሥጢር፣ በሙያው የሠለጠነ ሌላ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችልበት አኳኋን፣ በጽሑፍና በሥዕል ለሕዝብ ይገልጻል። የመብቱ ዘመን ሲያበቃ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። በምናወሳው ዘመን የመብቱ ዕድሜ በአሜሪካ መብቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 17 ዓመት ሲሆን፣ በጀርመን ማመልከቻው ከገባበት ጊዜ አንሥቶ 15 ዓመት ነበር።

ያ ዘመን እነዚህ ሰነዶች እንደ ጎርፍ የበዙበት ነበር። በአሜሪካ ለፈጠራ መብቶች ተከታታይ ቁጥር መስጠት የተጀመረው በ1836 ነው። በኖቬምበር 1895 ቁጥሩ 549 ሺህ ደርሶ ነበር፤ በኦገስት 1911 ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሞላ። በመጀመሪያዎቹ 59 ዓመታት ከተሰጡት ጋር የሚቀራረብ ብዛት ያላቸው መብቶች በ16 ዓመታት ብቻ ተሰጡ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰነዶች ውስጥ ግን ወደ ሚሠራ መሣሪያነት የተለወጡት ሁሉም አልነበሩም።

፩. ሰነዱ ከመሣሪያው ሲቀድም፦ የሴልደን አውቶሞቢል

ጆርጅ ሴልደን በኒው ዮርክ ስቴት፣ በሮቼስተር ከተማ ይኖር የነበረ የፈጠራ መብት ጠበቃ ነው። በ1876 በፊላደልፊያ በተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ብሬይተን የተባለ መሐንዲስ የሠራውን ሞተር ከተመለከተ በኋላ፣ ክብደቱን ቀንሶ ከሠረገላ ጋር ለማያያዝ አሰበ። አንድ ቀለል ያለ ሞተር አሠርቶ ሞከረ፤ ሙሉውን ተሽከርካሪ ግን ሳይሠራ በሜይ 8 ቀን 1879 ማመልከቻውን አስገባ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ደንብ አመልካቹ ከመሥሪያ ቤቱ ለሚቀርብለት ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይፈቅድለት ነበር። ሴልደን በዚህ ተጠቅሞ ማሻሻያ እያቀረበ ጉዳዩን ለ16 ዓመታት አቆየው። የመብቱ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተሰጠበት ቀን ስለ ነበር መዘግየቱ አልጎዳውም፤ እንዲያውም ገበያው እስኪፈጠር ድረስ ጠበቀለት። በዚሁ መካከል በጀርመን አገር ካርል ቤንዝ ለባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪው በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 የመብት ማመልከቻ አስገብቶ በዚያው ዓመት በማንሃይም ጎዳና ላይ ነዳው። በ1888 ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ የመሣሪያውን ብቃት ለሕዝብ አሳየች።

የሴልደን መብት በኖቬምበር 5 ቀን 1895 በቁጥር 549,160 ተሰጠ። በ1903 የተቋቋመው የባለፈቃድ አውቶሞቢል ሠሪዎች ማኅበር በዚህ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ከአባሎቹ በእያንዳንዱ መኪና ዋጋ ላይ 1.25 ከመቶ ይሰበስብ ጀመር። ሄንሪ ፎርድ አልከፍልም በማለቱ በዚያው ዓመት ተከሰሰ። ክርክሩ በመካሄድ ላይ ሳለ የመብቱ ባለቤቶች በሰነዱ ሥዕል መሠረት ተሽከርካሪ አሠሩ፤ አካሄዱ ግን እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ።

በ1909 የሥር ፍርድ ቤቱ ለሴልደን ፈረደ። በጃንዋሪ 9 ቀን 1911 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ሐተታውም ሰነዱ ሕጋዊ ቢሆንም የሚጠብቀው የብሬይተንን ዓይነት ሞተር የሚጠቀሙ ተሽከርካሪዎችን ብቻ ነው፤ ፎርድና ሌሎቹ ሠሪዎች የሚጠቀሙት ግን ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ ያስገኘውን ዓይነት ሞተር ነው የሚል ነበር። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ከሥራው የቀደመው ማዕረግ በመጨረሻ ባለቤቱን አላገለገለውም።

፪. መሣሪያው ሰነዱን ሲያርም፦ የዲዝል ሞተር

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 በፓሪስ የተወለደ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በሙኒክ በተማሪነቱ ከመምህሩ ከካርል ሊንዴ የሙቀትን ሳይንስ ሲማር፣ የእንፋሎት ሞተር ከድንጋይ ከሰል ከሚያገኘው ሙቀት አብዛኛውን እንደሚያባክን ተገነዘበ። ከዚያም አሳቡን አዘጋጅቶ ለጀርመን የፓተንት መሥሪያ ቤት አቀረበ፤ ከፌብሩዋሪ 28 ቀን 1892 ጀምሮ የሚጸና፣ ቁጥሩ 67,207 የሆነ መብትም በ1893 ተሰጠው።

የአሳቡ መሠረት ቀላል ነው። በሲሊንደር ውስጥ ያለ አየር በፒስተን በኃይል ሲታመቅ ይግላል። በበቂ መጠን ከጋለ በኋላ ነዳጅ ቢገባበት ያለ እሳት ማስነሻ በራሱ ይቀጣጠላል። የመጀመሪያው ሰነድ ግን ከዚህ አልፎ፣ ነዳጁ በሚቃጠልበት ጊዜ ሙቀቱ ከዚያ በላይ መጨመር የለበትም ይላል። ይህ በስሌት የተዋበ አሳብ ነበር። ዲዝል ራሱ ስሌቱን በመመርመር ላይ ሳለ፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው ኃይል የሞተሩን የራሱን ሰበቃ ለማሸነፍ እንኳ እንደማይበቃ ተረዳ። ስለዚህ በኖቬምበር 1893 የተሻሻለውን አሠራር የያዘ ሁለተኛ ማመልከቻ አስገባ።

ሙከራው የተካሄደው በአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሃይንሪክ ቡትስ ቦታና ሠራተኛ ሰጠ፤ የክሩፕ ድርጅት በገንዘብ ረዳ። በኦገስት 10 ቀን 1893 ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ተቀጣጠለ፤ ወዲያውም የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተሰባበረ። ይህ የመጀመሪያ ሞተር በራሱ ኃይል አልዞረም፤ ነገር ግን በእመቃ ብቻ ነዳጅ እንደሚቀጣጠል አስመሰከረ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 የተሻሻለው ሞተር ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ነዳጅ ማስገቢያው፣ ቫልቮቹና ማኅተሞቹ እየተፈቱ እየተገጠሙ ተሻሻሉ። በፌብሩዋሪ 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን መርምሮ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 ከመቶውን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ አረጋገጠ። ይህም በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ውጤት ነበር።

የዲዝል ተቺዎች በመጀመሪያው ሰነድና በሠራው ሞተር መካከል ያለውን ልዩነት እየጠቀሱ የፈጣሪነት ክብሩን ይከራከሩት ነበር። እርሱም በገንዘብ ችግር ተከቦ ሳለ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ሌሊት ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትጓዝ መርከብ ላይ ጠፋ። ለትምህርት ሰው ግን ተቺዎቹ ጉድለት ያሉት ነገር የታሪኩ ዋጋ ነው። ዲዝል የጻፈውን በማተሚያ ቤት የደረቀ ቃል አድርጎ አልያዘውም፤ መሣሪያው ባረመው ጊዜ ታረመ። በየገጠሩ ወፍጮ ቤት ስናየው የኖርነው የናፍጣ ሞተር የዚህ እርማት ውጤት ነው።

፫. ሰነዱ መንገድ ሲያጠብ፦ የራይት ወንድማማቾች

ዊልበርና ኦርቪል ራይት በኦሃዮ ስቴት፣ በዴይተን ከተማ ብስክሌት እየሠሩና እየጠገኑ የሚኖሩ ወንድማማቾች ነበሩ። ዊልበር ሥራውን የጀመረው በሜይ 1899 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ደብዳቤ ጽፎ ስለ በረራ የታተሙ ጽሑፎች እንዲላኩለት በመጠየቅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሊሊንታልና የቻኑት ሥራዎች መነሻ ሆኑት። በ1901 የሠሩት ተንሸራታች እንደ ጠበቁት አልነሣ ሲላቸው፣ ነፋስ የሚነፍስበት ሣጥን ሠርተው 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን መረመሩ። በ1902 የሠሩት ተንሸራታች በዚህ ምርመራ ምክንያት በሚገባ ታዘዘላቸው።

የመብት ማመልከቻቸውን በማርች 23 ቀን 1903 ሲያስገቡ ሞተር ያለው አይሮፕላን ገና አልበረረም ነበር። በሰነዱ ውስጥም ዋናው ነገር ሞተር አይደለም፤ የክንፉን ጫፎች በመጠምዘዝና ከኋላ መሪው ጋር በማቀናጀት አይሮፕላኑ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚጠበቅበት ዘዴ ነው። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን መለሰባቸው። በዚያው ዓመት፣ በዲሴምበር 17 ቀን፣ ሞተር ያለው አይሮፕላናቸው በመጀመሪያ 12 ሰኮንድ፣ በአራተኛው ሙከራ 59 ሰኮንድ በረረ። ከዚያ በኋላ ቱልሚን የተባለ ጠበቃ ሰነዱን እንደገና ስላዘጋጀላቸው በሜይ 22 ቀን 1906 ቁጥር 821,393 መብት ተሰጣቸው።

እንደ ሴልደን ያልሠሩትን አልጻፉም፤ እንደ ዲዝልም መሠረታዊ አሳባቸው አልተለወጠም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግሌን ከርቲስ የተባለው አይሮፕላን ሠሪ ክንፉን በመጠምዘዝ ፈንታ በጫፉ ላይ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ክፍሎችን ተጠቀመ። ወንድማማቾቹ በ1909 ከሰሱት፤ ፍርዱ በይግባኝ ጸንቶ ለእነርሱ የተወሰነው በ1914 ነው። ዊልበር በ1912 በታይፎይድ ሲሞት ዕድሜው 45 ነበር፤ ኦርቪልም ሙግቱ የወንድሙን ኃይል እንዳደከመው ያምን ነበር። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ በአይሮፕላን ሥራ ከአውሮፓ ወደ ኋላ ቀርታ፣ አብራሪዎቿ በአብዛኛው በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር በተሠሩ አይሮፕላኖች ተዋጉ። የፓተንት ሙግቱ ለዚህ ብቸኛ ምክንያት ነው ለማለት ባይቻልም፣ በዚያው ዓመት በመንግሥት ግፊት ሠሪዎቹ መብቶቻቸውን በአንድነት የሚጠቀሙበት ማኅበር መቋቋሙ ችግሩ ምን ያህል እንደ ነበር ያመለክታል።

ለትምህርት አሰጣጥ የሚገኘው ጥቅም

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው የፈጣሪን ስምና ዓመት ማስጠናት ስሕተት መሆኑን አይደለም፤ በዚያ ላይ ማቆም ግን ጉድለት ነው። መምህሩ ስለ ማናቸውም ፈጠራ ሲያስተምር አራት ጥያቄዎችን ቢጨምር ትምህርቱ መልኩን ይለውጣል። መፍትሔ የተፈለገለት ችግር ምን ነበር? ከፈጣሪው በፊት የነበሩት ምን አወረሱት? በመጀመሪያ ያልሠራው ምን ነበር፣ እንዴትስ ታረመ? ከውጤቱ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተከለከለ?

እንዲህ ያለው ትምህርት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የዲዝልን መሠረተ አሳብ ለማሳየት አንድ የብስክሌት መንፊያ ይበቃል፤ ተማሪው አፉን በጣቱ ደፍኖ ደጋግሞ ሲያምቅ የመንፊያው ጫፍ ሲግል ይሰማዋል። የራይት ወንድማማቾችን ዘዴ ለመረዳት ሁለት ጫፎቹ የተከፈቱ ረዘም ያለ የካርቶን ሣጥን ይዞ ማዶና ማዶውን በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ በቂ ነው፤ ዊልበርም ክንፍ የመጠምዘዙን አሳብ ያገኘው በእጁ እንደዚህ ባለ ሣጥን ነው።

ሦስተኛው መልመጃ የቋንቋና የእጅ ሥራ ትምህርትን ያገናኛል። ተማሪዎች በአካባቢያቸው ያለውን አንድ መሣሪያ መርጠው፣ አይቶት የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችልበት ሁኔታ በጽሑፍና በሥዕል ይግለጹ። የገበሬውን ማረሻ የመረጠ ቡድን ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግርና ወገል እያንዳንዳቸው ምን ሥራ እንዳላቸው፣ እንዴትስ እንደሚያያዙ ለመጻፍ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያየውን ነገር ምን ያህል እንዳላስተዋለው ይገነዘባል። ጽሑፉን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በጭቃና በእንጨት ምሳሌውን ማሠራት ደግሞ የጽሑፉን ጉድለት ወዲያው ያጋልጣል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ይታረማል።

በአገራችንም ጉዳዩ በሕግ ታስቦበታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለታላላቅ ፈጠራዎች ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራዎችም የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሕጉ በር ከፍቷል፤ በበሩ የሚገባውን ሰው የማዘጋጀቱ ሥራ ግን የትምህርት ቤት ነው። ይህም ተማሪው የመጀመሪያ ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱን በደብተሩ ጽፎ በማግሥቱ ወደዚያው ሥራ የሚመለስበትን ልማድ ከማስያዝ ይጀምራል።