ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር፦ ስለ ሰነድ ዝውውርና ስለ ታሪክ ጸሐፊ ኃላፊነት

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። በ1990 ዓ.ም. በተጉለትና በቡልጋ ተዘዋውሬ፣ የጣሊያንን ወረራ ዘመን በዐይናቸው ያዩ አረጋውያንን አነጋግሬ ነበር። ቃላቸውን በካሴት እየቀዳሁ፣ ማታ ማታ በኮምፒውተር እጽፈው ነበር። ገንዘብ ስላጠረኝም ተጽፎ ባለቀው ካሴት ላይ የሌላውን ሰው ቃል መልሼ እቀዳ ነበር። ይህን ዛሬ በእናንተ ፊት ስናገር ዐፍራለሁ። ከእነዚያ አረጋውያን አሁን በሕይወት ያለ የለም። ምስክርነታቸው የቀረው በዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ በተበላሸ ጊዜ ሃርድ ዲስኩን አስወጥቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በመሳቢያ ውስጥ አኖርሁት። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ዓመት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ጽሑፎቹን ለማየት ስትጠይቀኝ ግን፣ የአንድ ሰነድ መኖርና መነበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተረዳሁ።

የመጀመሪያው መሰናክል መግጠሚያው ነበር። የዚያ ዘመን ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው 40 መገናኛ ባለው ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ዛሬ የተለመደው ሳታ የተባለው መሰኪያ ለመረጃ 7፣ ለኤሌክትሪክ 15 መገናኛ ብቻ አለው። አዲሱ ኮምፒውተሬ የቀድሞው መግጠሚያ ጨርሶ የለውም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ይዤ ወደ አንድ ወጣት ባለሙያ ሄድሁ። እርሱም ሁለቱን የሚያገናኝ አዳፕተር አመጣ፤ በዩኤስቢ የሚመጣው 5 ቮልት ብቻውን ዲስኩን ስለማያሽከረክረው፣ 12 ቮልት የሚሰጥ የራሱን የኤሌክትሪክ ምንጭ አያያዘለት።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። እኔ የፈለግሁት ጽሑፎቼን ያስቀመጥሁበትን አንድ ፎልደር ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ፣ አሮጌው ዊንዶውስም ጭምር፣ ለእኔ ጥራጊ ነበር። ወጣቱ ግን «ጋሼ፣ ይህ ዲስክ ዛሬ ተነሥቶ ነገ ላይነሣ ይችላል። ከመምረጥዎ በፊት ሁሉንም እንዳለ እንገልብጠው» አለኝ። ቅር እያለኝ ተስማማሁ። በዲስኩ ላይ አንዳች ሳይጽፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን ሙሉ ቅጂ ወሰደ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ስንሞክረው ዲስኩ አልተሽከረከረም።

ሁለተኛው መሰናክል ከዚህ የከፋ ነበር። ፋይሎቹን ስከፍት አንድም የአማርኛ ፊደል አላየሁም፤ ገጹን የሞላው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። የያኔዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ይጠቀሙበት የነበረው የፎንት ሥርዐት ከ256 ያልበለጡ ቦታዎች ነበሩት። የእኛ 33 ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። ስለሆነም እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ መንገድ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይደለድል ነበር፤ በሁለት ፎንት የከፈሉትም ነበሩ። ፎንቱ ሲጠፋ የሚቀረው የላቲኑ ምልክት ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው የግእዝ ፎንት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው። የእኔ ጽሑፎች ከሁለቱም ይቀድማሉ።

መፍትሔውን ያገኘችው ተማሪዋ ናት። እኔ ጥራጊ ባልሁት ክፍል ውስጥ፣ በአሮጌው ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ውስጥ፣ ጽሑፎቹ የተጻፉበት ፎንት ተቀምጦ አገኘችው። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስትጭነው ገጹ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ። መጀመሪያ የታየን ለአርበኞች ስንቅ ያቀብሉ የነበሩ የአንዲት እናት ቃል ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

የዚህ ነገር ትምህርት ለታሪክ ጥናት አዲስ አይደለም። አበው የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ቁም ጸሐፊ የወንጌሉን ቃል ብቻ ገልብጦ ኅዳጉን ቢተው፣ ወንጌሉ ይተርፋል፤ የአገሩ የመሬት ታሪክ ግን ይጠፋል። ቁም ጸሐፊው ጥፋተኛ አይባልም፤ ለእርሱ ፍሬው ወንጌሉ ነበርና። እኔም ፍሬውን ከገለባው የለየሁ መስሎኝ፣ የንባቡን ቁልፍ ልጥል ነበር። ሰነድን የሚያዛውር ሰው የነገ አንባቢ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም እንዳለ ይገልብጥ፣ ምርጫውን ኋላ ያድርግ።

አሁን ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ እየለወጥናቸው ነው። ይህም ራሱ መገልበጥ ነውና ስሕተት አያጣውም። ስለዚህ ሙሉውን ቅጂ፣ ፎንቱንና አዲሱን ጽሑፍ ሦስቱንም አብረን እናኖራለን፤ እያንዳንዱን ገጽም ከቀድሞው ጋር እናመሳክራለን።

ወዳጆቼ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በመሳቢያው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ መምህር እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ እገምታለሁ። ሳይውል ሳያድር አውጡት፤ ሳትመርጡም አስገልብጡት። እኔ የአረጋውያኑን ቃል በሌሎች ጥንቃቄ መልሼ አግኝቻለሁ። በካሴቶቹ ላይ የደመሰስሁት ድምፃቸው ግን ከእንግዲህ አይመለስም።