ከአሻንጉሊቱ ትጥቁ የሚወደድበት ገበያ

በ1977 የገና ሰሞን በአሜሪካ የመጫወቻ መደብሮች አሻንጉሊት የሌለበት የአሻንጉሊት ካርቶን ይሸጥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውስጡ አንድ የካርቶን መደርደሪያ፣ ጥቂት ተለጣፊ ምስሎችና አንድ የማረጋገጫ ወረቀት ነበር። ወላጅ ከፍሎ ይገዛል፤ ልጁ ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ኩባንያው ይልካል፤ አራቱ አሻንጉሊቶች ደግሞ በ1978 የመጀመሪያ ወራት በፖስታ ይደርሱታል። ልጆች ለወራት ባዶ መደርደሪያ እያዩ ጠበቁ። ያ ካርቶን ከነሙሉ ዕቃው ዛሬ ሰብሳቢዎች እየተሻሙ በውድ የሚገዙት ዕቃ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጥድፊያ ነው። “ስታር ዋርስ” የተባለው ፊልም በግንቦት 1977 ሲወጣ ያን ያህል ሕዝብ ያጥለቀልቃል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በጊዜው በዘርፉ ስመ ጥር የነበረው ሜጎ ኩባንያ የፊልሙን አሻንጉሊት የመሥራት ፈቃድ ሳይወስድ ቀረ። ዕድሉ በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ይገኝ ለነበረው ኬነር ደረሰ። ኬነር የምግብ አምራቹ የጀነራል ሚልስ ንብረት የነበረ ሲሆን በወቅቱ የሚመራው በርናርድ ሉሚስ ነበር። ፊልሙ ሲፈነዳ ፋብሪካው ገና ሞልድ አልቀረጸም፤ ለገና የሚደርስ ዕቃም አልነበረውም። ስለዚህ ሉሚስ ተስፋን በካርቶን አሽጎ ሸጠ።

አክሽን ፊገር የሚባለው ነገር ግን ከኬነር በፊት የነበረ ነው። በ1964 ሀስብሮ “ጂ አይ ጆ” የተሰኘ፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወታደር ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን አባቶች ለወንድ ልጃቸው አሻንጉሊት አይገዙም የሚል ስጋት ስለነበረ፣ ኩባንያው ዕቃውን አሻንጉሊት ብሎ መጥራትን በጥብቅ ከልክሎ “አክሽን ፊገር” የሚል አዲስ ስም አወጣለት። ዋናው ብልሃት ግን ከስሙ ይልቅ በሽያጩ ዘዴ ላይ ነበር፤ ወታደሩ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ የደንብ ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ የራስ ቁሩና ድንኳኑ ግን በየጊዜው ለየብቻ ይሸጣሉ። ትርፉ የሚገኘው ከትጥቁ ነበር። በዚህ ዘርፍ ትልቁ ምርምር በሰውየው ላይ ሳይሆን በእጁ በያዘው ላይ መሆኑ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ኬነር የአሻንጉሊቱን ቁመት ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር አወረደው። ምክንያቱ መርከቦቹ ናቸው። ፊልሙ የጠፈር መርከብ ፊልም ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አብራሪ የሚያስቀምጥ መርከብ ቢሠራ የልጁን መኝታ ቤት ይሞላ ነበር። በ1978 የወጡት የመጀመሪያዎቹ 12 ገጸ ባሕርያት በካርቶናቸው ጀርባ ላይ በአንድነት በፎቶ ታትመው ነበር፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ የአንድን ካርቶን ዕድሜ የሚለዩት ጀርባው ላይ የታዩትን ገጸ ባሕርያት ቆጥረው ነው። 12 ካሉበት የመጀመሪያው ነው፤ 20 ወይም 21 ካሉበት ዘግይቶ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ትጥቁ፣ በመጀመሪያም ወደ ሰይፉ እንምጣ። የፊልሙ ገጸ ባሕርያት ሉክ ስካይዎከር፣ ቤን ኬኖቢና ዳርዝ ቬደር በቀኝ ክንዳቸው ውስጥ የተደበቀ የብርሃን ሰይፍ አላቸው፤ የሉክ ቢጫ፣ የኬኖቢ ሰማያዊ፣ የቬደር ቀይ ነው። ክንዱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ የምትንሸራተተውን ትንሽ ጉጥ በጥፍር ወደ ፊት ሲገፏት ሰይፉ በመዳፉ በኩል ይወጣል። ብዙዎቹ ሰይፎች ከነቀጭን ጫፋቸው አንድ ወጥ ናቸው። በመጀመሪያ የተሠሩት ጥቂቶች ግን ሁለት ደረጃ ነበራቸው፤ የውጭው ክፍል ባዶ ቱቦ ሲሆን በውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ሌላ ዘንግ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሰይፉ ከወጣ በኋላ እንደገና ይረዝማል። ቀጭኑ ዘንግ ግን በቀላሉ ይሰበር ነበር፤ ለመሥራትም ወጪው ከበደ። ኬነር ብዙም ሳይቆይ በአንድ ወጥ ሰይፍ ተካው። የመጀመሪያው ዓይነት በብዛት የሚገኘው ለ1977ቱ ካርቶን ገዢዎች በፖስታ ከተላኩት ሉኮች ጋር ነው፤ በቬደርና በኬኖቢ እጅ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ፕላስቲክ የአንድን አሻንጉሊት ዋጋ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

የጃዋም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ጃዋ በፊልሙ ውስጥ አሮጌ ማሽን እየለቃቀመ የሚነግድ ድንክ ፍጡር ነው። አሻንጉሊቱ ከጓደኞቹ በእጅጉ ያጠረ ሆኖ ሳለ የሚሸጠው ግን በእነርሱው ዋጋ ነበር። መጀመሪያ የለበሰው የቪኒል ካባ ደግሞ የበለጠ ርካሽ አስመሰለው፤ ገዢ ገንዘቤን ተበላሁ እንዳይል ተፈርቶ ካባው በጨርቅ ተቀየረ። በቪኒል ካባ የወጡት ጥቂቶች ስለሆኑ አጭበርባሪዎች መላ ፈጠሩ፤ የኬኖቢን የቪኒል ካባ ቆርጠው ለጃዋ ያለብሳሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ የካባውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ያያል፤ የፋብሪካ መቁረጫና የመቀስ እጅ አንድ አይደሉምና።

በጠመንጃዎቹም ላይ ፎርጅዱ ሞልቷል። ሕፃናት ሽጉጡን በምንጣፍ ሥር፣ በጓሮ፣ በመኪና ወንበር ስር ጥለው አደጉ። አዋቂ ሆነው የልጅነት አሻንጉሊታቸውን ሲያገኙ እጁ ባዶ ነው፤ ያን ባዶ እጅ ለመሙላት የቆረጡ ሰዎች ኮፒ መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው የተለመደ ፈተና ሽጉጧን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ኦርጅናሎቹ ባመዛኙ ይንሳፈፋሉ፤ ብዙዎቹ ኮፒዎች ይሰምጣሉ። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ የሚንሳፈፉ ኮፒዎችም ወጥተዋል። የቀለሙ ድምቀት፣ የጠርዙ ስለት፣ ፕላስቲኩ ከሞልዱ የወጣበት ምልክት አንድ በአንድ ከታወቀ ኦርጅናል ጋር ይነጻጸራል። የአሻንጉሊቱ እግር ላይ የተቀረጹት ጽሑፎችም ይነበባሉ፤ የባለመብቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የተሠራበት አገር። ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ ማካዎ፣ ቻይና እያሉ ይለያያሉ፤ ከየትኛው ፋብሪካ የትኛው ቀለም እንደ ወጣ የተጠናው ከእነዚህ ጥቃቅን ፊደላት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ግን ለሕዝብ ጨርሶ ያልተሸጠ አሻንጉሊት ነው። በ1979 ኬነር ቦባ ፌት የተባለውን ቅጥረኛ አዳኝ በፖስታ እንደሚልክ አስተዋወቀ፤ ከጀርባው ሮኬት የሚተኩስ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1978 መገባደጃ ላይ፣ ማቴል የሠራው የሌላ የጠፈር የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መጫወቻ የተኮሳት ትንሽ ሚሳይል በጉሮሮው የገባችበት ሕፃን ሕይወቱ አለፈ። ኬነር ሮኬቱን በጀርባው ላይ አጣብቆ እንዳይተኮስ አደረገ፤ ማስታወቂያው በወጣባቸው ካርቶኖችም ላይ መሸፈኛ ወረቀት ተለጠፈ። ለጠበቁት ልጆች ከአሻንጉሊቱ ጋር የተላከው ደብዳቤ ሮኬቱ ለደኅንነት ሲባል መቅረቱን ያስረዳ ነበር። ይህን ውሳኔ ሳስብ ከገበያ ወሬው ሁሉ በላይ ያ ሕፃን ይታወሰኛል፤ ዛሬ በጨረታ አዳራሽ የሚጮኸው ዋጋ ሥሩ እዚያ ሐዘን ውስጥ ነው።

ሙከራ የተደረገባቸው ናሙናዎች ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። የሮኬቱ ማስለቀቂያ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ በአንዳንዶቹ ቀጥ ብሎ ታጥፏል፤ በሌሎቹ መንጠቆ መስሎ ተቆልምሟል። ሁለቱ ቅርጾች መሐንዲሶቹ ሮኬቱ በቀላሉ እንዳይተኮስ ያደረጉትን ትግል ያሳያሉ። ከእነዚህ አንዱ በ2019 በ185,850 ዶላር ተሸጠ፤ በ2024 ደግሞ ሌላው በእጅ ቀለም የተቀባ ናሙና በጨረታ 525,000 ዶላር አወጣ።

እነዚህ ናሙናዎች የተረፉት በሠራተኞች ነው። በሲንሲናቲ የነበሩ ዲዛይነሮችና መሐንዲሶች መጣያ ይገባ የነበረውን ናሙና፣ ሥዕልና ደብዳቤ ወደ ቤታቸው ይዘው ሄዱ። የመጀመሪያው ምርት በ1985 ካበቃ በኋላ ኬነርም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ፤ በ1987 ቶንካ ገዛው፣ በ1991 ሀስብሮ ቶንካን ሲጠቀልል አብሮ ተጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ነው ሰብሳቢዎች ወደ ሲንሲናቲ መጉረፍ የጀመሩት፤ የቀድሞ ሠራተኞችን በር አንኳኩ፣ የሰንበት ገበያውን አሰሱ፣ የሰሙትን መዘገቡ። ስለ ሰይፉ፣ ስለ ካባውና ስለ ሮኬቱ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው።

ገበያው ደግሞ ሌላ ልማድ አምጥቷል። አሻንጉሊቱን መርምረው ነጥብ ሰጥተው በጠንካራ ግልጽ ሳጥን የሚያሽጉ ድርጅቶች አሉ፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሳጥኑን የከፈተ ይከስራል። እኔ የማከብረው ግን የሚከፍተውን ነው። ያ ሰው ካልከፈተው ቀጭኑ ዘንግ በቱቦው ውስጥ መኖሩን፣ የካባው ጠርዝ በመቀስ መቆረጡን ማን ያያል? የተመረመረ ትጥቅ ታሪክ ይነግረናል፤ የታሸገ ግን ዋጋ ብቻ ይናገራል። በቱርክ “ኡዛይ” በሚል ስም ያለ ፈቃድ የወጡትን አሻንጉሊቶች እንኳ አንድ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ኮፒ የናቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ አገላብጠው ያጠኗቸው ግን የኬነርን ገጸ ባሕርይ በሰማያዊ ቀለም ሠርተው “ብሉ ስታርስ” ብለው የሰየሙ የአንድ አገር መጫወቻ ሠሪዎችን ሥራ አገኙ። አሁን ለእነርሱም በሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል። በሲንሲናቲ የቀሩት የቀድሞ ሠራተኞች ደግሞ በእርጅና ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ጠያቂ መዝጋቢዎች ዛሬም ቢሆን መቅረጫ ይዘው ይሄዱላቸዋል።