«ለጊዜው አይቻልም»፦ ከሸዋ ቤንች ዳገት የተነሣ ሐሳብ



ባለፈው ክረምት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከጅማ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተጉዤ ነበር። የሄድነው ሃይብሪድ በሆነችው መኪናው ነው፤ ማለትም የቤንዚን ሞተርም፣ የኤሌክትሪክ ሞተርም ባላት። ባልደረባዬ ስለ መኪናው ሲናገር ስለ በኩር ልጁ የሚያወራ ይመስላል። ቦንጋንና የውሽውሽን የሻይ ማሳ አልፈን ሸዋ ቤንች ስንደርስ ዝናቡ መንገዱን ጋርዶታል፤ አስፋልቱን ደግሞ ከብቶች ሞልተውታል። ባልደረባዬ ዕድሉን አላባከነም። «አሁን የቤንዚኑን ሞተር አጥፍቼ በኤሌክትሪክ ብቻ፣ ኮሽ ሳይል አሳልፍሃለሁ» አለና ቁልፉን ተጫነ። ከዳሽቦርዱ የመጣው መልስ ግን አጭር ነበር፦ የኤሌክትሪክ ጉዞ ለጊዜው አይቻልም። ደጋግሞ ተጫነ፤ መልሱም ተደጋገመ። ከብቶቹ ያለፉት ሞተራችን እያጉረመረመ ነው።

ሚዛን እንደደረስን አንድ ወጣት መካኒክ ዘንድ ሄድን። መካኒኩ የሆነውን ሁሉ አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ የጠየቋት በማይሆንላት ሰዓት ነው» አለው። ይህች ዐረፍተ ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣች ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳ ሶኬት የማይሞላ ሃይብሪድ መኪና የሚይዘው ባትሪ ትንሽ ነው። ለምሳሌ የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የዛሬ መኪኖች ግን ብዙዎቹ 40፣ 60፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ስለዚህ የሃይብሪዷ የኤሌክትሪክ ጉዞ ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢዘልቅ ነው። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅም ኮምፒዩተሩ እስከ ጫፍ አያስሞላውም፣ እስከ መጨረሻውም አያስጨርሰውም። ክምችቱ ከተወሰነ መጠን ዝቅ ካለ፣ ባትሪው ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ፣ የቤንዚኑ ሞተር ገና ካልሞቀ፣ ፍጥነቱ ከጨመረ፣ ወይም ነጂው ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጎ ከረገጠ የኤሌክትሪኩ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። በአንዳንድ መኪኖች የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠፋው ሙቅ አየር መከፈቱ ብቻ እንኳ በቂ ምክንያት ነው።

አሁን መንገዳችንን እናስታውስ። ከጅማ ወደ ጎጀብ ወንዝ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት መኪናዋ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ኃይል እያጠራቀመች ወረደች። ወንዙን ተሻግረን ወደ ቦንጋ ስንወጣ ያጠራቀመችውን ዳገቱ በላው። ከዚያ ወዲያም አንዱን ዳገት ስንጨርስ ሌላው ይጠብቀናል። ዝናቡ መስታወቱን ስላጎመው ሙቁን አየር ከፍተናል። እንግዲህ ሸዋ ቤንች ላይ ቁልፉ ሲነካ መልሱ ከብዙ ኪሎ ሜትሮች በፊት ተወስኖ ነበር። ቁልፉ ትእዛዝ አይደለም፤ ማመልከቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። በእ.ኤ.አ. 1900 አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና የቤንዚን መኪና ብርቱ ተፎካካሪ ነበር። ችግሩ የባትሪው ክብደትና የክምችቱ ማነስ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ ፈርዲናንድ ፖርሸ በዚያው ዘመን ቪየና ላይ ከሎነር ፋብሪካ ጋር ሲሠራ መላ ዘየደ፦ መንኰራኩሩን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ይሁን፣ ኤሌክትሪኩን ግን ቤንዚን ያመንጨው። ያቺን መኪና በላቲን «ሁልጊዜ ሕያው» ብሎ ሰየማት። ስሟ ራሱ ባትሪው እንደሚሞት የሚመሰክር ነው። በእ.ኤ.አ. 1912 ደግሞ ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪናው ላይ ገጠመ። ክንድ የሚሰብረው የእጅ ማስነሻ ቀረ፣ የቤንዚን መኪናም ለሁሉ ተመቸ። የኤሌክትሪክን መኪና ከገበያ ያስወጣው አንዱ ምክንያት፣ በቤንዚን መኪና ሆድ ውስጥ የገባ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር።

ርካሹ የነዳጅ ዘመን እስከ እ.ኤ.አ. 1973 ዘለቀ። በዚያ ዓመት የዓረብ ነዳጅ አምራቾች በጣሉት ማዕቀብ ምክንያት የድፍድፍ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ትኩሳቱ እኛም ቤት ገባ። መንግሥት በቤንዚን ላይ ዋጋ ጨመረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መትተው ነበር። መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ ቅናሹ ግን የተጀመረውን አልመለሰም። ያ ዓመት ሳያልቅ ሕዝቡ ዘውዱ ሲወርድ ለማየት ተቃርቦ ነበር፤ በአዲሱ ዓመት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። አብዮቱን ነዳጅ ብቻውን ወለደው የሚል የታሪክ ተማሪ የለም፤ ነዳጅ የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም የሚልም ሊኖር አይገባም።

ቶዮታ በእ.ኤ.አ. 1997 ፕሪየስን ለጃፓን ገበያ ሲያቀርብ ዓላማው ቤንዚንን መቈጠብ እንጂ ማስቀረት አልነበረም። በእንዲህ ያለችው መኪና ውስጥ የቤቱ ጌታ ቤንዚን ነው፤ ኤሌክትሪክ ረዳት ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከቤንዚን የመጣ ነው። ረዳቱ ቤቱን ብቻውን እንዲመራ የሚፈቀድለት ጌታው ሲመቸው ብቻ ነው። ባልደረባዬ ያዘነው ይህን ታሪክ ስላላወቀ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በቀር የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ኢትዮጵያም ቁልፉን ተጫነች ማለት ነው። ውሳኔውን ከሚያናንቁት ወገን አይደለሁም። ኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ነዳጁን ግን በብርቅ የውጭ ምንዛሪ እንገዛዋለን። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ሕመሙን ሁሉም ቀምሶታል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተገነባ ነው። በአገር ደረጃ ስናየው ባትሪው ትልቅ ነው።

ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉ ከሚፈለግበት መድረሱ ሌላ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የአገሪቱ ሕዝብ ዛሬም ኤሌክትሪክ አያገኝም። የኦሞ ተፋሰስ ግልገል ጊቤ አንድን በ1996፣ ሁለትን በ2002፣ 1,870 ሜጋዋት የሆነውን ሦስትን በ2009 ዓ.ም. ለአገር አበርክቷል። የኮይሻ ግድብ ቦታም ከሦስተኛው ግርጌ ነው። የዚህ ወንዝ ጎረቤት በሆነው ምድር ሚዛን ከተማ ውስጥ ያደርኩባት ሌሊት ግን መብራት ጠፍቶ የጄኔሬተር ጩኸት ሲያስተኛኝ አደረ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ? የበበቃና የቴፒ ቡናም ወደ መሐል አገር የሚጓዘው በናፍጣ መኪና ጀርባ ላይ ነው። ናፍጣ በተወደደ ቁጥር ገበሬው ከሚቀበለው ላይ ይቀነሳል፤ እገዳው ግን ለዚያ ገበሬ ያቀረበለት አማራጭ ገና የለም። የከተማው ሰው ቢያንስ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ሊዞር ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው «ቁልፉን ለምን ተጫናችሁ?» አይደለም። ጥያቄው ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ስለሚያስፈልገው ነው፦ የማይቆራረጥ መስመር፣ በየከተማው ትራንስፎርመርና ቻርጅ ማድረጊያ፣ የሠለጠነ መካኒክ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ መብራት ጨርሶ ያላየው ቀበሌ። ይህ ሳይሟላ የሚነገር አዋጅ በዳገት መካከል እንደተነካ ቁልፍ ነው።

በአንድ ነገር ግን ያቺ መኪና ከብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ትሻላለች። ሳይቻላት ሲቀር አልቻልኩም ትላለች፤ እየሄደች ሳለም በኤሌክትሪክ ነው የምሄደው ብላ አትዋሽም። ሹማምንቶቻችን ቢያንስ ይህን ቢማሩላት፣ ገና ያልተሟላውን በግልጽ ቢነግሩን፣ ዳገቱን አብረን በወጣነው ነበር።