ጠንካራ ቡድን ገና ከጥንቱ ስለ መመሥረት፦ ከአራዳ እስከ ወልቂጤ

በኮሌጃችን መኖሪያ ቤት አንዳንድ ጓደኞቻችን ቤዝቦል በሚባለው የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ያውም በኮምፒውተር ላይ፣ ቡድን አቋቁመው እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ ሰማን። የክርክራቸው ነገር፣ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ጠንካራ ቡድን በቶሎ ሊያቋቁም ቢፈልግ ስመ ጥር ተጫዋቾችን ይግዛ ወይስ ያልታወቁ ልጆችን ሰብስቦ ያሳድግ የሚል ነበር። ነገሩ በጨዋታ ቢጀመርም፣ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ለመጣን ተማሪዎች ግን የቅርብ ጊዜ ሐዘናችንን የሚነካ ጥያቄ ስለ ሆነብን በታሪክ ዐይን ልንመለከተው ወደድን።

በቤዝቦሉ እንጀምር። ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ እንደ ኒው ዮርክ ካሉት ከባለጸጎቹ ማኅበሮች ጋር በገንዘብ ሊወዳደር የማይችል ነበር። መሪው ብራንች ሪኪ በትንንሽ ከተሞች ያሉትን ቡድኖች እየገዛ ወይም እየተዋዋለ ወጣቶች ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚያድጉበትን ሥርዓት አቆመ። ይህም ወዲያው ፍሬ አልሰጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ግን ካርዲናልስ የኒው ዮርክ ያንኪስን አሸንፎ የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ «በቶሎ» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል ዘመን እንደሚሸከም ከዚህ መገመት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት አቶ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉት ሰዎች የነበራቸው ሀብት የሰፈር ልጆች ብቻ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የጠላት ወረራ መጣ፤ ማኅበሩም ስሙን ተገዶ ለወጠ። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1944) የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ ከአምስቱ ቡድኖች አራቱ የውጭ አገር ሰዎች፣ ማለት የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነበሩ፤ ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ለመሆን እስከ 1942 ዓ.ም. ጠበቀ። ይኸውም ከተመሠረተ በአሥራ አራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ማኅበሩ አለመበተኑ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከማናቸውም ዋንጫ የበለጠ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው።

የብሔራዊ ቡድናችን ታሪክም ከዚህ አይለይም። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮም ዳግመኛ በዚያው ልክ 4 ለ 0 ተሸነፍን። አንድ ቡድን ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲደቆስ «አፍርሰነው እንደ ገና እንጀምር» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩትና ብሔራዊውን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያሉበት ወገን ሥራውን ቀጠለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያችው ግብጽ፣ በዚያን ጊዜ የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ተሸነፈች። አስመራ የተወለዱት ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረው መንግሥቱ ወርቁም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። አገር አስተናጋጅ መሆኑ ረድቷል እንጂ አልረዳም አንልም።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንግባ። የወልቂጤ ከተማ ቡድን፣ ደጋፊዎቹ «ሠራተኞቹ» እያሉ የሚጠሩት፣ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ከሰበታ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪምየር ሊግ ዐለፈ። ቡታጅራም በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ ቡድን ነበራት፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው ፉክክር በዚያ ቀን ለጊዜው ተረስቶ ነበር። ነገር ግን የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ስለ ተደረጉ የወልቂጤ ሰው የገዛ ቡድኑን በከተማው ሜዳ ላይ ማየት ቀረበት፤ የሚያየው በቴሌቪዥን ሆነ። ከሜዳ መግቢያ የሚገኝ ገቢም፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያድግ ሕፃን ተመልካችም አብረው ጠፉ። በ2017 ዓ.ም. ሊጉ ያለ ወልቂጤ ተካሄደ።

ይህን ውድቀት በገንዘብ እጦት ብቻ የሚያስረዱ አሉ። ይህ ከፊል እውነት ነው። በየዓመቱ ተጫዋች አስፈርሞ በየዓመቱ የሚያሰናብት ማኅበር፣ ገንዘብ ባለበት ዘመን ይቆማል፤ ባጣበት ዘመን ግን የሚደገፍበት የራሱ ልጅ የለውም። የጨርቅ ኳስ ጠቅልለው በየሜዳው ሲራገጡ ያደጉትን ልጆች (እኛም ከእነርሱ ነበርን) ከከተማው ቡድን ጋር የሚያገናኝ መሰላል በአካባቢያችን ሲዘረጋ አላየንም።

ይህ ደግሞ የሚያስገርመው ሕዝባችን ከታች ጀምሮ የማቋቋምን ጥበብ የማያውቅ ባለመሆኑ ነው። ብሔራዊው ቡድን ለዋንጫ በሚዘጋጅበት በ1950ዎቹ ዓመታት፣ በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ከየአባሉ መዋጮ ይሰበስቡ ነበር። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራትም በዚያው ዘመን እንዲሁ በማኅበር ተደራጅተው ነበር። መዋጮውን ካወጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ መንገዱ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ገንዘባቸውን ሰጥተው በቅሎአቸውን እንደ ጫኑ በአሮጌው ጎዳና ሄዱ።