ጓያና ማጀት

በኢትዮጵያ ማጀት ውስጥ ምክንያቱ ሳይነገር ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ደንብ ብዙ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጥንስስ አይገባበትም፤ የቦካ ሊጥም አብሲት ሳይጣልበት ወደ ምጣድ አይቀርብም። ልጅቱ «ለምን?» ብላ ብትጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው መልስ «ከጥንት የነበረ ነው» የሚል ይሆናል። ከእነዚህ ልማዶች የሚበዙት ቢዘነጉ የሚያስከትሉት ጉዳት እንጀራው ዐይን ማጣቱ ወይም ጠላው መበላሸቱ ነው። ጓያን የሚመለከተው ደንብ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እርሱን የዘነጋ ቤተሰብ የልጁን እግር ሊያጣ ይችላልና።

ጓያ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ አያሌ ወረዳዎች ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋልካ መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት ብቻ የሚበቅል እህል ነው። ውሃ ሲተኛበትም ሆነ ዝናብ ሲያጥር ከሌላው ጥራጥሬ ይልቅ ይቋቋማል፤ ብዙ ድካምም አይጠይቅም። ከምስርና ከሽምብራ በዋጋ ስለሚረክስና በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ የድኻ ቤት ሽሮ ሆኖ ኖሯል። እንዲህ ያለውን እህል «ለምን ይበሉታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ድርቅ በገባበት ዘመን በማሳው ላይ ቆሞ የሚታየው እርሱ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ሁለቱን እግሮች የሚያደርቅና የማይመለስ ሽባነት ያመጣል። በሽተኛው አእምሮውም ስሜቱም ደኅና ሆኖ ሳለ በመቀስ አረማመድ፣ ከዚያም በምርኩዝ፣ ሲብስም በዳዴ ለመሄድ ይገደዳል። የዚህን ነገር መርዝ የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት፤ በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። በውሃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር ነው። የአገራችን ባለማጀት ግን ይህ ስም ከመውጣቱ አስቀድሞ ጓያ እግር እንደሚሰብር ታውቅ ነበር፤ ያወቀችውንም በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅዋ ሥራ አኖረችው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጓያው ይዘፈዘፋል፤ ወይም አንድ ጊዜ ፈላ ተደርጎ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል። ከዚያ በፀሐይ ይሰጣል፣ ይታመሳል፣ ይከካል። ሽሮ ሲሆን ከሽምብራ ወይም ከአተር ጋር ይደባለቃል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል። ለቂጣ ወይም ለእንጀራ ሲሆን ደግሞ ከማሽላ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር ይፈጫል። መጠኑና ቅደም ተከተሉ ከቤት ቤት ይለያያል። ውሃው የሚደፋበት ምክንያት ሲጠየቅ አንዱ «ምሬቱ እንዲወጣ» ይላል፤ ሌላው «ሆድ እንዳይነፋ» ይላል። ሁለቱም ስለ ሽባነት አይናገሩም፤ መርዙ ግን ከውሃው ጋር አብሮ ይደፋል፤ ሁሉም ባይሆን ከፊሉ።

ከእነዚህ ልማዶች ሁሉ እንግዳ የሚመስለው ስለ እንፋሎት የሚባለው ነው። በብዙ መንደር የሚፈላ ጓያ እንፋሎት የነካው ሰው እግሩ ይያዛል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህም ጓያ ሲቀቀል ልጆች ከማድቤት እንዲርቁ ይደረጋል። ሳይንስ ይህን አልደገፈውም፤ ጉዳቱ ከመብላት እንጂ ከእንፋሎት አይመጣም። እምነቱ አደጋውን በትክክለኛው ቦታ ባያስቀምጠውም ማሰሮውን በጥርጣሬ ዐይን እንድትመለከት ባለማጀቷን አስተምሯታል። ነገር ግን ሌላ ገጽም አለው፤ እንፋሎቱን በጥንቃቄ የሸሸ ሰው ንፍሮውን ያለ ሥጋት ጠግቦ ሊበላ ይችላል።

የእነዚህ ልማዶች ዋጋ በግልጥ የተፈተነው በሰሜን ወሎ፣ በደላንታና በዳውንት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት ድርቅ ሌላውን እህል አጥፍቶ ጓያን ብቻ ባስቀረበት በዚያ አገር ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሽባ ሆኑ። ከዚያ በፊት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምብያና በፎገራ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሞ ስለ ነበር በሽታው አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከቤልጂጉ ሊቅ ከፈርናንድ ላምባይንና ከሌሎች ጋር ሆነው ያቀረቡት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ጓያ በላችሁ ወይ?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ጓያውን እንዴት አድርጋችሁ በላችሁት?» የሚለውን መጠየቃቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት የበሉት ሰዎች ለሽባነት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በቦካ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን ያንን ያህል አደጋ አላሳየም። ነጭ ሽንኩርትን በመሰለ ቅመም ከተሠራ ወጥ ጋር ሲበላ፣ ወይም ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ከሚገኝባቸው የብርዕና የአገዳ እህሎች ጋር ሲደባለቅ፣ አደጋው ቀንሶ ታየ። ስለዚህ እህልን የመቀላቀሉና ቅመም የመጨመሩ ወግ ለጣዕም ብቻ የተያዘ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ሲባል የማጀት ልማድ ሁሉ ጠባቂ ነው ለማለት አይቻልም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ጓያን ሁልጊዜ በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤተሰቦች ይበልጥ ተጠቂ ሆነው መገኘታቸውን አሳይተዋል። ጥፋቱ የሸክላው ይሁን ወይም ሌላ ድስት ለመግዛት አቅም ያጣው ቤት ድኽነት፣ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። የእናትን ወግ የሚያወድስ ሰው ይህንን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

በበሽታው ከተያዙት መካከል ወጣት ወንዶች በርክተው መገኘታቸውም ልብ ሊባል የሚገባ ነው። ተመራማሪዎች የጉልበት ሥራን ጨምሮ ልዩ ልዩ ምክንያት አስበዋል። ከማጀት አንጻር ሲታይ ግን እረኛው እሸቱን በማሳው ዳር ጥሬውን ይበላል፤ አራሹም ቆሎውን በኪሱ ይዞ ይወጣል። የእናቲቱ መዘፍዘፊያና የቅመሟ ሙዳይ እዚያ ድረስ አይከተሏቸውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ደንቡ የሚያስፈልገው በክፉ ቀን ሆኖ ሳለ የሚፈርሰውም በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ምንጭ ሲደርቅ በእንስራ ከሩቅ የመጣ ውሃ አይደፋም። ማገዶ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ አይቀቀልም። የሚደባለቀው ማሽላና ገብስ አስቀድሞ አልቋል፤ ነጭ ሽንኩርቱ ለዘይትና ለጨው መግዣ ተሸጧል። ተክሉም ቢሆን በድርቅ ሲጨነቅ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ከፍ ይላል። በዚህ ሰዓት ባለማጀቷ ዕውቀት አላጣችም፤ ያጣችው ዕውቀቷን የምትሠራበትን ነው። ሽባ የሆኑትን ሰዎች «አላዋቂነት ጎዳቸው» ማለት ስለዚህ የሚቀል ፍርድ ነው።

የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል መርዙ አነስተኛ የሆነ «ዋሴ» የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። ዘሩ በየገበሬው ጎተራ እስኪገባ ድረስ ግን መርዛማው ጓያ ከማሳው አይጠፋም። የ2003ቱ ጥናት ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይልቅ ለማጀት የቀረበ ነው፤ የዕርዳታ እህል ጓያ በሚበላባቸው ወረዳዎች ቤቱ ጨርሶ ሳይራቆት፣ የሚደባለቅ ነገር ገና ሲያጥር፣ ቀድሞ ይድረስ ይላል። ባለማጀቷ ስንት እጅ ከስንት እንደምትደባልቅ የሚያስተምራት አያስፈልጋትም፤ የምትጠብቀው ስንዴውን ወይም ማሽላውን ነው።